ዳሱና መናፈሻው፤ ስለ አዲስ አበባ የሠርግ ፎቶግራፍ የቀረበ ሒስ

በአገራችን ስለ ቅኔ፣ ስለ ዜማና ስለ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ብዙ ተጽፏል። በየቤቱ ስለሚገኘው ስለ ሠርግ ፎቶግራፍ ግን በሒስ ዓይን የተጻፈ ነገር እምብዛም አይታይም። ምክንያቱም ነገሩ የእንጀራ ሥራ እንጂ ጥበብ ተብሎ ስለማይቆጠር ይመስለናል። ዳሩ ግን ቅኔ የማይቀኝ፣ ሥዕልም ገዝቶ የማይሰቅል ሰው እንኳ የሠርጉን ፎቶግራፍ በግድግዳው ላይ ይሰቅላል፤ ለልጆቹም ያሳያል። ብዙ ሰው የሚያየውና ረጅም ዘመን የሚቀመጥ ሥራ ከሆነ ደግሞ መመዘን ይገባዋል።

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ከቤት ውጭ የሚነሣውን የሠርግ ፎቶግራፍ ብቻ ነው። ክርክራችንም በአጭሩ የሚከተለው ነው። የአዲስ አበባ የሠርግ ፎቶግራፍ የሚደክመው ፀሐይዋ ስለምትበረታና ሰፈሩ ስለማያምር አይደለም፤ ፎቶግራፍ አንሺው ከዚህች ፀሐይና ከዚህ ሰፈር ጋር መሥራትን ከመማር ይልቅ ከሁለቱም መሸሽን ስለ መረጠ ነው። ሽሽቱም ዋጋ ያስከፍላል፤ ከአልበሙ የሚጎድለው ሠርጉ ራሱ ነውና።

ሀ. የቀኑ አከፋፈል

እንደሚታወቀው የሠርግ ቀን በየክፍሉ የተደለደለ ነው። ሙሽራው ከሚዜዎቹ ጋር ሙሽሪትን ሊወስድ ይሄዳል። የሙሽሪት ወገኖች በሩን ይዘው በዘፈን ይከለክሉታል። ከገባም በኋላ ሽማግሌዎች ይመርቃሉ፤ ሙሽሮቹም የወላጆቻቸውን ጉልበት ይስማሉ። ከዚያ መኪናዎቹ ተሰልፈው ጡሩምባቸውን እየነፉ ወደ መናፈሻ ይጓዛሉ። ለብዙ ዓመታት የግዮን ሆቴል አትክልት ቦታና የብሔረ ጽጌ መናፈሻ የታወቁ የሙሽሮች መዳረሻዎች ነበሩ፤ ከዚያም ወዲህ ሌሎች ተጨምረዋል። በሠርግ ወራት በአንድ ድልድይ ወይም በአንድ ፏፏቴ ፊት ብዙ ሙሽሮች ተራ ይጠብቃሉ። አንዷ ስትነሣ ሌላዋ ቬሎዋን ሰብስባ ከዳር ትቆማለች።

በየቤቱ ባየናቸው አልበሞች ውስጥ ሰፋ ብለው የታተሙት ሥዕሎች አብዛኛውን ጊዜ የመናፈሻው ናቸው። የበሩ ክርክር፣ ምርቃቱና ጉልበት መሳሙ በችኮላ የተነሡ ትንንሽ ሥዕሎች ሆነው በአንድ ገጽ ላይ ይታጨቃሉ። ከእነርሱም ውስጥ ፊት የጠቆረበትና ሰማያዊ ቀለም የወረሰበት ብዙ ነው። ወደ መናፈሻ የሚሄዱት ሙሽሮቹና ሚዜዎቹ ናቸው። መንገድ የማይችሉት አያት፣ ሌሊቱን ወጥ ሲሠሩ ያደሩት የጎረቤት ሴቶች፣ ድንኳን የተከሉት የዕድር ሰዎች በዚያ የሉም። እነዚህ ሰዎች በደንብ የሚነሡት በግቢው ከተነሡ ብቻ ነው። በግቢው ካልተነሡ በአልበሙ ውስጥ ቦታ አያገኙም።

ለ. ስለ ፀሐይዋ

የፎቶግራፍ መማሪያ መጻሕፍት ሁሉ ማለት ይቻላል አንድ ምክር ይሰጣሉ፤ ይኸውም ከቀትር ፀሐይ ሽሽ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ያለውን ወርቃማ ብርሃን ጠብቅ የሚል ነው። ምክሩ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን የተጻፈው በሌላ ሰማይ ሥር ለሚኖር ሰው ነው። በሎንዶን በሰኔ ወር ፀሐይ ወደ አድማስ አግድም እየተንሸራተተች ስለምትወርድ የመጨረሻዎቹን 6 ዲግሪዎች ለመጨረስ 50 ደቂቃ ያህል ይፈጅባታል። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ ፀሐይዋ ቀጥ ብላ ትወርዳለች፤ በጥር ወር ያንኑ 6 ዲግሪ የምትጨርሰው በ26 ደቂቃ ገደማ ነው። የምትጠልቀውም ከ12 ሰዓት ጥቂት አለፍ ብሎ ነው። በዚያን ሰዓት ሙሽሮቹ በዳስ ወይም በአዳራሽ ተቀምጠው እንግዳ ይቀበላሉ። እንግዲህ መጽሐፉን ቃል በቃል የሚከተል አንሺ ለ26 ደቂቃ ብርሃን ሲል ሙሽሮቹን ከእንግዶቻቸው መንጠቅ አለበት፤ አለዚያም ያቺን ሰዓት እያሰበ የቀኑን ሥራ በግዴለሽነት ይሠራል።

የቀትሯም ፀሐይ የራሷ ጠባይ አላት። ሠርግ የሚበዛው በጥር፣ ከዐቢይ ጾም በፊት፣ እንዲሁም ከፋሲካ በኋላ ነው። በጥር አጋማሽ ፀሐይ ከሁሉ ከፍ የምትለው 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ሲሆን ከአድማስ ያላት ከፍታ 60 ዲግሪ ያህል ነው። በሚያዝያ መጀመሪያ ግን በአናት ላይ ትቆማለች። በዚህ ጊዜ ቅንድብ በዓይን ላይ፣ አፍንጫም በከንፈር ላይ ጥላ ይጥላሉ፤ የዓይን ጉድጓድ ይጨልማል፤ የምትስቅ ሙሽራ እንኳ ያዘነች ትመስላለች። ከተማይቱ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ስላላትና የጥር ሰማይ ጥርት ያለ ስለ ሆነ፣ በፀሐይና በጥላ መካከል ያለው ልዩነት ይበልጥ ይሰፋል። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው እንደሚባለው፣ ብርሃን በሞላበት አገር ያለው አንሺ በብርሃን ይቸገራል።

መናፈሻው ይህን ችግር ይፈታዋል የሚል ካለ ሥዕሎቹን ደግሞ ይመልከት። በዛፍ ቅጠል መካከል የሚሾልከው ብርሃን በፊትና በቬሎ ላይ ነጠብጣብ ይጥላል። ከሣሩና ከቅጠሉ ተመልሶ የሚመጣው ብርሃን ደግሞ አረንጓዴ ነው፤ አገጭንና አንገትን የሕመምተኛ መልክ ይሰጣቸዋል። በብርሃን ነገር ከተመዘነ በኖራ የተቀባ ግድግዳ ያለው ተራ ግቢ ከመናፈሻው ይሻላል። ይህን የምንለው ሰፈርን ለማወደስ ሳይሆን፣ ነጭ ግድግዳ ብርሃንን ቀለሙን ሳይለውጥ የሚመልስ ስለ ሆነ ነው።

ሐ. ስለ ነጭ ልብስና ስለ ጥቁር ፊት

የችግሩ ሥር በቁጥር ቢገለጽ ይሻላል። በጠራ ፀሐይ ውስጥ በአይኤስኦ 100 እና በኤፍ 16 ለመሥራት የሸተሩ ጊዜ 1/100 ሴኮንድ ያህል ይሆናል፤ ይህ የቆየ የአንሺዎች ልክ ነው። በዚያው ሰዓት ሰማይ በሚታይበት ጥላ ውስጥ ሌንሱ እስከ ኤፍ 5.6 መከፈት አለበት። ይህም ማለት በጥላው ያለው ብርሃን የፀሐይዋ አንድ ስምንተኛ ነው። ነጭ የሐበሻ ቀሚስም ሆነ ቬሎ ከጥቁር ፊት ይልቅ 8 እጥፍ ያህል ብርሃን ሊመልስ ይችላል። ስለዚህ ፀሐይ የመታው ቀሚስና በጥላ የወደቀ ፊት በአንድ ሥዕል ሲገናኙ ልዩነቱ 8 በ8 ተባዝቶ 64 እጥፍ ይደርሳል። የካሜራው የብርሃን መለኪያ የሚያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ስለሚገምት፣ ነጩን ልብስ ባየ ጊዜ ሥዕሉን ያጨልማል፤ ቀሚሱ ግራጫ፣ ፊቱም ከሰል ይሆናል። አንሺው ፊቱን ለማዳን ብርሃን ሲጨምር ደግሞ የጥበቡ ጥልፍ ጠፍቶ ቀሚሱ ባዶ ወረቀት ይመስላል።

ዕቃውም ቢሆን ከመጀመሪያው ለእኛ ፊት ተብሎ አልተሠራም። በ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የኮዳክ ኩባንያ ለፎቶግራፍ ማተሚያ ቤቶች የቀለም መለኪያ ካርድ ይልክ ነበር፤ በካርዱም ላይ ያለችው ሴት ነጭ ነበረች። ካርዱ «ሸርሊ» በሚል ስም ይታወቃል። የእርሷ ፊት በትክክል ከታተመ ሥራው ትክክል ነው ይባል ነበር። ፊልሙ ጥቁር ቡናማ ቀለሞችን በተሻለ ሁኔታ እንዲይዝ የተደረገው ዘግይቶ ሲሆን፣ ለዚህም የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች ያቀረቡት ቅሬታ አንዱ ምክንያት እንደ ነበረ ተጽፏል። የዛሬው ዲጂታል ካሜራ ከዚያ ፊልም እጅግ የተሻለ ነው፤ ሰፊ የብርሃን ልዩነትም ይይዛል።

እንዲህም ሆኖ ሌላ ልማድ ገብቷል። ፊቱ ጠቁሮ ሲወጣ አንሺው በኮምፒዩተር ያነጣዋል፤ ማንጣቱም የተበላሸውን ብርሃን ከማረም አልፎ የሙሽሪትን መልክ ወደ መለወጥ ይደርሳል። በእናቷ አጠገብ የቆመች ልጅ የእናቷን መልክ አጥታ ስትታይ፣ ያ ሥዕል በሥራው ደክሟል ብቻ ሳይሆን ሐሰት ተናግሯል። በጥላ ውስጥ በልኩ የተነሣ ፊት ማንጣት አያስፈልገውም። ሙሽሪት ሙሉ በሙሉ ወደ ጥላ ስትገባ ፊቷም ቀሚሷም አንድ ዓይነት ብርሃን ስለሚያገኙ፣ 64 እጥፍ የነበረው ልዩነት ወደ 8 ይወርዳል። ይህንንም ማንኛውም ካሜራ ይይዘዋል።

መ. ስለ ሰፈሩ

የሰፈር ግቢ መልከ ጥፉ ነው ይባላል። በእርግጥም የዛገ ቆርቆሮ አጥር አለ፤ የመብራት እንጨትና የተጠላለፈ ሽቦ አለ፤ የለስላሳ ሣጥን ቁልል፣ የፕላስቲክ ወንበርና የውሃ በርሜል አለ። ከአጥሩ ማዶም ያላለቀ ፎቅ የባሕር ዛፍ መወጣጫ እንደ ተሸከመ ይታያል። ከዚህ ለመሸሽ አንሺዎች ሦስት መንገድ አላቸው። አንደኛው ወደ መናፈሻ መሄድ ነው። ሁለተኛው ሌንሱን እስከ መጨረሻው ከፍቶ ከኋላ ያለውን ሁሉ ማደብዘዝ ነው። ሦስተኛው በኮምፒዩተር ሌላ ሰማይና ሌላ ሜዳ መለጠፍ ነው።

ይህ ሽሽት አዲስ አይደለም። ፎቶግራፍ በአገራችን ሥር የሰደደው በቤተ መንግሥትና በስቱዲዮ ነው። ከአርመን ወገን የነበረው በድሮስ ቦያጂያን ከዐፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ፣ ከእርሱም በኋላ ልጆቹ ኃይጋዝና ቶኒ የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺዎች ነበሩ። በየከተማው የተከፈቱት ስቱዲዮዎችም ደንበኛቸውን በሸራ ላይ በተሣለ አትክልት ወይም ሕንፃ ፊት ማቆምን ልማድ አደረጉ። መናፈሻው የዚያ ሸራ ታላቅ ወራሽ ነው ለማለት እንደፍራለን። ልዩነቱ ሸራው ማንንም አለማታለሉ ነው። ተመልካቹ ሸራ መሆኑን ያውቅ ነበር፤ ዓይኑም ወዲያው ወደ ሰውየው ፊት ይመለስ ነበር። መናፈሻው ግን ሙሽሮቹ በዚያ እንደ ተጋቡ አድርጎ ይናገራል።

ለንጽጽር ከማሊ ሁለት ሰዎችን እንጥቀስ፤ ባማኮም እንደ አዲስ አበባ ብርቱ ፀሐይ ያለባት ከተማ ናትና። ሰይዱ ኬይታ በ1948 እ.ኤ.አ. ስቱዲዮ ከፍቶ ብዙ ሥራውን የሠራው በግቢው ውስጥ በተፈጥሮ ብርሃን ነበር። ከደንበኛው ኋላ የሚሰቅለው ጨርቅ የራሱ የአልጋ ልብስ እንደ ነበረ ይታወቃል። በአንዳንዱ ሥዕል ከጨርቁ ሥር የግቢው አፈር ይታያል፤ ሥዕሉ ግን በዚህ አልተዋረደም። ማሊክ ሲዲቤ በ1963 እ.ኤ.አ. በገና ሌሊት ያነሣው የሁለት ወጣቶች ጭፈራ ደግሞ ምንም ጌጥ የለበትም። መሬቱ ባዶ ነው፤ ልጅቱም ባዶ እግሯን ናት። ፍላሹ ሁለቱን ብቻ ከጨለማው አውጥቶ ያሳየናል። ሲዲቤ በ2007 እ.ኤ.አ. በቬኒስ ቢየናሌ ስለ ዕድሜ ልክ ሥራው የወርቅ አንበሳ ሽልማት ተቀበለ። ሁለቱም ያማረ ቦታ አልፈለጉም፤ ያላቸውን ቦታ ግን በጥንቃቄ አይተውታል።

ሠ. በግቢ ውስጥ ሊሠራ ስለሚቻለው

ሒስ ነቀፋ ብቻ እንዳይሆን በሥራው በኩል የሚጠቅም መስሎ የታየንን እንጨምራለን።

መጀመሪያ በሩን እንውሰድ። በር የሠርጉ ትልቅ ቦታ ነው፤ ክርክሩ በዚያ ነው፣ ሙሽሪትም በዚያ ትወጣለች። አንሺው ብዙ ጊዜ ከውጭ ቆሞ ጨለማው ክፍል ውስጥ ያለችውን ሊያነሣ ይታገላል። ሙሽሪት ከደፉ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ በቆመች ጊዜ ግን በሩ እንደ ትልቅ መስኮት ሆኖ ለስላሳ ብርሃን በፊቷ ላይ ያፈስሳል፤ ከኋላዋ ያለው ክፍል በጨለማው ስለሚዋጥ የተዝረከረከውን ሁሉ ይደብቃል። አንሺው የብርሃኑን ልክ ቀደም ብሎ በሌላ ሰው ፊት ከለካ፣ ሙሽሪት በደፉ ላይ ስትደርስ መጨነቅ አይኖርበትም።

ሁለተኛው የግቢው ጥላ ነው። ከጣሪያ ክፈፍ ሥር በፀሐይና በጥላ ድንበር አጠገብ፣ ነገር ግን በጥላው ውስጥ ሆኖ መነሣት መልካም ነው። በዚህ ላይ ለእኛ ሠርግ የተለየ ጸጋ አለ፤ ይኸውም የእንግዶቹ ልብስ ነው። ነጭ ነጠላ የለበሱ አክስቶች በፀሐዩ በኩል ከቆሙ ከነጠላቸው የሚመለሰው ብርሃን የሙሽሪትን ዓይን ይከፍታል። ከውጭ አገር የሚመጣው አንጸባራቂ ሰሌዳ ከዚህ የተለየ ሥራ አይሠራም፤ አክስቶቹም ሥዕሉ ውስጥ ቢገቡ ያምራሉ።

ሦስተኛው ዳሱ ነው። ዳስ ቀድሞ በምሰሶና በቅጠል ይሠራ ነበር፤ ዛሬ ብዙ ጊዜ ሸራ ወይም የሚከራይ ድንኳን ነው። ሸራው ሰማያዊ ከሆነ ፊት ሁሉ ሰማያዊ ይሆናል። ቀለሙን በካሜራው ማረም የሚቻለው ብርሃኑ አንድ ዓይነት ሲሆን ብቻ ነው፤ ግማሽ ፊት ከሸራው፣ ግማሽ ፊት ከውጭ ብርሃን ካገኘ ግን አንዱን ስናርም ሌላው ይበላሻል። ስለዚህ መድኃኒቱ ከድንኳኑ ተከላ ይጀምራል። ነጭ ሸራ ከተገኘ ይመረጥ፤ ካልተገኘም የሙሽሮቹ ወንበር የዳሱ ጎን በተከፈተበት በኩል ይደረግ። ይህን ለዕድሩ ሰዎች በዋዜማው መንገር ገንዘብ አያስወጣም።

አራተኛው ከኋላ የሚታየው ነገር ነው። አንድ እርምጃ ወደ ጎን መራመድ የመብራቱን እንጨት ከሙሽራው ራስ ላይ ያነሣዋል። በወንበር ላይ ወጥቶ ወደ ታች ማንሣት ደግሞ አጥሩንም ሽቦውንም ያስቀራል፤ በምትኩም በመሬት ላይ የተጎዘጎዘው ቄጤማ የሥዕሉ ጀርባ ይሆናል። የቆርቆሮ አጥርም ከራቁት በኋላ ቀጥ ያሉ መስመሮች ያሉት ሰፊ ግድግዳ ነው፤ የሠርግ ልብስ በእርሱ ላይ ጎልቶ ይታያል።

የመጨረሻው ፍላሽ ነው። ፀሐይ ውስጥ መነሣት ግድ ሲሆን ሙሽሮቹ ጀርባቸውን ለፀሐይ ሰጥተው ፊታቸው በፍላሽ ቢደገፍ ይጠቅማል። ነገር ግን በብዙ ካሜራዎች ተራ ፍላሽ ከ1/200 ወይም ከ1/250 ሴኮንድ በፈጠነ ሸተር አይሠራም፤ ርቀቱም በእጥፍ ሲጨምር ብርሃኑ ወደ ሩብ ይወርዳል። ስለዚህ ቀረብ ብሎ መሥራት ያስፈልጋል። ከሩቅ ሆኖ በቀትር ፍላሽ መብረቅ ባትሪ ከመጨረስ በቀር የሚሰጠው ጥቅም የለም።

ረ. ሊቀርብ ስለሚችለው ተቃውሞ

ሙሽሮቹ ራሳቸው መናፈሻውን ይፈልጋሉ፤ ገንዘቡን የሚከፍሉት እነርሱ ከሆኑ አንሺው ምን ያድርግ የሚል ይኖራል። ይህ እውነተኛ ተቃውሞ ነው። በዓመት 365 ቀን ከቱቦና ከአቧራ ጋር የምትኖር ልጅ በአንድ ቀን በአበባ መካከል ልታይ ብትል የሚነቅፋት ሊኖር አይገባም፤ እኛም አንነቅፋትም። የመናፈሻው ጉዞ ለሚዜዎችም ደስታ ነው። የምንነቅፈው የሥራውን ሚዛን ነው። አንሺው ጥንቃቄውን፣ ጥሩውን ሌንስና ረጅሙን ሰዓት ለመናፈሻው አስቀምጦ፣ ለምርቃቱ የቀረችውን ደቂቃ ብቻ ሲሰጥ ሙሽሮቹ ያላዘዙትን ፍርድ ፈርዷል፤ ቤታቸው ለመታየት የማይበቃ ነው ብሏል። በግቢያቸው በደንብ የተነሣ ሥዕል ያላየ ሰው ሊመርጠው አይችልም። ስለዚህ ምርጫውን መጀመሪያ ማሳየት ያለበት ባለሙያው ነው።

ነገሩ የመልክ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልጻፍንበት። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የካዛንቺስ ሰፊ ክፍል ለመንገድና ለመልሶ ማልማት ሥራ ፈርሷል። በእነዚያ ግቢዎች ብዙ ትውልድ ተድሯል። ነዋሪዎቹም ወደተለያዩ ሰፈሮች ስለ ሄዱ በአንድ አጥር ውስጥ የነበሩ ጎረቤቶች ዛሬ ተራርቀዋል። እንዲህ ያለ ቤተሰብ ልጁ «የት ተጋባችሁ?» ብሎ ሲጠይቀው አልበሙን ይገልጣል። በአልበሙ ውስጥ ያለው ግን ለሁሉም አንድ የሆነው ድልድይና ፏፏቴ ነው። አያቲቱ የተቀመጡበት ደጃፍ፣ በሩን የያዙት የጎረቤት ልጆች፣ አንሺው ያፈረበት ያ የዛገ አጥር ከሥዕሉ ዳር ቀርተዋል። ይህን ጉድለት ዛሬ ማንም ተመልሶ ሊሞላው አይችልም።

ስለዚህ ለሙያው ሰዎች የምናቀርበው ሐሳብ ትንሽ ነው። በሠርጉ ዋዜማ ወደ ግቢው ሄደው፣ በነገው ሰዓት ፀሐይ ከየት በኩል እንደምትመጣ፣ ጥላውም የት እንደሚወድቅ ይዩ፤ ከቤተሰቡም ሳይነሡ ሊቀሩ የማይገባቸውን ሰዎች ይጠይቁ። መናፈሻው ከዚያ በኋላ ይሁን። በኮሌጃችን ስለ ከተማው ኑሮ ለሚያጠኑ ጓደኞቻችንም የምንለው አለ። በየዘመዶቻቸው ቤት በአልበም መጨረሻ ገጽ የታጨቁትን ትንንሽ የግቢ ሥዕሎች ይፈልጉ፤ ባለቤቶቹንም አስፈቅደው ቅጂ ይውሰዱ፤ የሰፈሩን ስም፣ ዓመተ ምሕረቱንና የሚታዩትን ሰዎች ዝምድና የሚያውቁ ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ ጠይቀው ከቅጂው ጀርባ ይጻፉ።